አንድ ገጽ ሳይሰሙ አይገዙም

ባለፈው ሰሞን ማራኪ አካባቢ ባለ አንድ አዳራሽ ለመጽሐፍ ምረቃ ተጠርቼ ሄድኩ። እንዲህ ያለ ቦታ መሄድ ከተውኩ ቆይቻለሁ፤ ያን ቀን የሄድኩት ደራሲው የጎረቤቴ ልጅ ስለሆነና እናቱ ሦስት ጊዜ መጥታ በሬን ስላንኳኳች ነው። መጽሐፉን የገመገሙት መምህር ስለ ሽፋኑ ሥዕል ሩብ ሰዓት ያህል ተናገሩ፤ ከሽፋኑ ወደ ውስጥ ግን አልዘለቁም። ከዚያ ሰዉ ተሰልፎ ገዛ። የገዛው በይሉኝታ ነው፤ የገዢው ስም በድምፅ ማጉያ ይጠራ ስለነበር ያልተጠራ እንዳይታወቅበት ሁሉም ተሰለፈ። ከፊቴ የተቀመጠ አንድ ወፍራም ሰው አምስት ገዝቶ ሲወጣ ለሾፌሩ «እንካ፣ ኋላ ወርውረው» ሲለው ሰማሁ። ለክብር እንግዶች ተብሎ ጥቂቱ በቆዳ ተለብጦ ነበርና አንዱ ለእኔም ደረሰኝ። ገና ከእጄ ሳይገባ ሽታው አፍንጫዬን መታው፤ አዲስ የተለፋ ቆዳ።

ልጁ ላብ እያጠመቀው መጥቶ ጎኔ ተቀመጠ። «ጋሼ፣ እርስዎ ይኸን ሁሉ ዘመን ጽፈዋል፤ እውነት ይንገሩኝ፣ አንባቢ የሚገኘው እንዴት ነው?» አለኝ። «በቆዳ መለበጡን ጀምረኸዋል፤ የቀረህ ክር ብቻ ነው። አንገታቸው ላይ እሰርላቸው» አልኩት። እንግዳ አክባሪ ልጅ ስለሆነ ሳቀልኝ። እኔ አልሳቅኩም። ቤቴ ገብቼ መጽሐፉን ጠረጴዛ ላይ አኑሬ ሽታው እስኪወጣ መስኮቱን ከፈትኩት፤ አልወጣም። ያ ሽታ የሰው ነፍስ አጥፍቷል ብል፣ ሽማግሌ ማጋነን ይወዳል ትላላችሁ። ቆዩኝ።

ያኔ እዚሁ ጎንደር፣ ፒያሳ ፖስታ ቤት መስኮት ላይ ተቀምጬ ቴምብር እሸጥ ነበር። ዓመተ ምሕረቱን አትጠይቁኝ፤ ጃንሆይ ነበሩ፣ ሥዕላቸውም ከራሴ በላይ ተሰቅሎ ነበር፤ ይበቃል። እኔ የማስታውሰው ሻይ በአምስት ሳንቲም እንደነበረ፣ ፓስቲ ሌላ አምስት እንደሚያስጨምር፣ ስሙኒ የያዘ ሰው ደግሞ ጓደኛ ጋብዞ መልስ እንደሚቀበል ነው። እኛ የመንግሥት ጸሐፊዎች ካኪ ሱሪያችንን መስመር አስይዘን አስተኩሰን፣ ፀጉራችንን በቅባት አስተኝተን፣ ከሥራ መልስ ከፒያሳ ጫፍ እስከ ጫፍ እንመላለሳለን። የትም አንሄድም፤ መመላለሱ ራሱ ሥራ ነበር። ገጠሬው አቡጀዲ ቁምጣና በረባሶ አድርጎ በመካከላችን ሲያልፍ ጫማችንን አይቶ መንገድ ይለቅልናል፤ እኛም የሚገባን መስሎን እናልፋለን። ጥጉ ላይ ካለው ቡና ቤት የሸክላ ማጫወቻ ነበር። አንዲቱ ሸክላ ሁለተኛው ስንኝ ላይ ስለምትጣበቅ የጎንደር ሰው የዚያን ዘፈን ሦስተኛ ስንኝ ሳያውቀው አረጀ። አሁን በዚያው ጥግ ባጃጆች ተሰልፈው ይጮሃሉ፤ እነሱም አንዱን ቃል ነው የሚደጋግሙት።

ጥፋቴን ከአሁኑ ልናገር፤ ከአዲስ አበባ የሚመጣውን ጋዜጣ ከባለቤቱ በፊት የማነበው እኔ ነበርኩ። አንዳንዱን ማታ ወስጄ ጠዋት እመልሰዋለሁ። ለመምህራን የሚመጣውን የእንግሊዝኛ መጽሐፍም መጠቅለያውን በእንፋሎት እያላቀቅኩ አነበብኩ። በሃያ ሁለት ዓመቴ ስለ ድርሰት የማላውቀው ነገር ያለ አይመስለኝም ነበር። የሚጽፍ ሰው ግን አይቼ አላውቅም። የኔታ ውብነህ መስኮቴ ላይ የቆሙት እንዲህ ሆኜ ሳለሁ ነው።

ጠዋት ነበር። የአሥመራው ትሬንታ ኳትሮ የጭነት መኪና ሊማሊሞን ወጥቶ ገብቷል። የኔታ ነጭ ጥምጥም ጠምጥመዋል፤ የቀኝ አውራ ጣታቸው ጥፍር በቀለም ብዛት እንደጠቆረ የቀረ ነው። «አራት ጆንያ መጽሐፍ መጥቶልኛል፤ ቤቴ ያፈሳል፤ ጥቂት ጊዜ እዚህ ጥግ ይቀመጥልኝ» አሉ። የቁስቋሙን ደብተራ የማያውቅ ሰው አልነበረም። ክታባቸው ከጎንደር አልፎ እስከ ሰሜን ተራራ ድረስ የታወቀ ነው። ብዙ ዓመት ይሆነዋል፣ ደምቢያ ውስጥ ባለች አንዲት መንደር ሊያገለግሉ ሚስታቸውንና ሁለት ሴት ልጆቻቸውን ይዘው ወርደው ነበር። ወባው በገባ ጊዜ የመንደሩ ሰው ወደ እሳቸው ሮጠ። ጻፉለት። ብራናው ሲያልቅ በወረቀት ጻፉ። ከሕፃን እስከ ሽማግሌ በየአንገቱ አሰሩለት። መንደሩም አንገቱ ላይ እንዳሰረ አለቀ፤ ሚስታቸውም፣ ልጆቻቸውም። ብቻቸውን ወደ ጎንደር ተመለሱ። ከዚያ ወዲህ ክታብ ጻፉልኝ ብሎ ለሚለምናቸው ሁሉ «እጄን ያመኛል» ነው መልሳቸው። ዳዊት እየገለበጡ፣ ቅኔ እያስተማሩ ሲኖሩ ያቺን መጽሐፍ ጻፉ፤ ያለቻቸውን አንዲት በቅሎ ሸጠው አሳተሟት።

«የማን ቤት ነበር» ትላለች ስሟ። ትንሽ ናት፤ ከመዳፍ አትበልጥም። ከወንዙ ተነስታ በመንደሩ መንገድ ወደ ላይ እየወጣች ቤት በቤት ትነግራለች፤ ይኸ የማን ቤት ነበር፣ ማን በምን ይስቅ ነበር፣ ማን ከማን ተጣልቶ ሳይታረቅ ቀረ። አምላክ በቁጣው መታን የሚል ቃል የለባትም፤ ያን ዘመን ደግሞ ያለዚያ ቃል መጽሐፍ አይጀመርም፣ ያለ ንጉሥ ምስጋናም አይጨረስም። የመጀመሪያዋን ገጽ አሁንም በቃሌ እላታለሁ።

«ከወንዙ ስትወጣ ቀድመህ የምታገኘው የወርቄ ቤት ነበር። ወርቄ በገዛ ሠርጓ ከሚዜዎቹ ይልቅ የሳቀች ናት፤ እናቷ በመጎናጸፊያ አፏን ያዘቻት። አራት ልጆች ወለደች። ለአምስቱም ክታብ የጻፍኩላቸው እኔ ነኝ። አምስቱም እንዳሰሩት ተቀበሩ። የጻፍኩትን አምኜው ነበር፤ ማመኔ ግን አላዳናቸውም። የወባ መድኃኒት ጎንደር ነበረ። የአንድ ቀን መንገድ ነው። ሂዱ አላልኳቸውም።»

መስኮቱ ላይ ቆሜ ይኸን ካነበብኩ በኋላ ለሰልፈኛው ቴምብር የሸጥኩት መልስ ሳልሰጥ ነው።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ገበያ ጉድ አሰኘ። የኔታ ከጨው ሻጮቹና ከበርበሬ ሻጮቹ መካከል ጆንያ አንጥፈው ተቀመጡ። ዋጋዋ ሁለት ስሙኒ ነበር። ሰው ተጋፋ። የማያነብ ባላገር፣ የማያነብ ባልቴት፣ ሁሉም ሁለት ስሙኒውን ከመቀነቱ ፈትቶ ወሰደ። በሁለተኛው ቅዳሜ አንዱ ጆንያ ባዶ ሆነ። እኔ ፊደል ያልቆጠረ ሰው መጽሐፍ ሲሻማ ባየሁ ጊዜ አገሬ ነቃች ብዬ ሦስት ገጽ ሐተታ ጻፍኩ። ደግነቱ የትም አልታተመም።

በሦስተኛው ሳምንት የኔታ ፖስታ ቤት መጥተው እንግዳ ማረፊያው አግዳሚ ላይ ቁጭ አሉ። ፊታቸው አመድ መስሏል።

«ምነው የኔታ? ተሸጠ አይደለም እንዴ?»

«ተሸጠ» አሉ። «አንገት ገዛኝ እንጂ ዓይን አልገዛኝም።»

ከቁስቋም ቁልቁል ሲወርዱ አንዲት ሴት ሕፃን አዝላ ጉልበታቸውን ልትስም ጎንበስ አለች። በሕፃኑ አንገት አዲስ የተሰፋ ቆዳ ተንጠልጥሏል፤ ከመዳፍ የማይበልጥ። «መጽሐፍዎ ነው፤ ካሰርኩለት ወዲህ ሸጋ ነው፤ በትኩሳት አልነደደም» አለቻቸው። ገልጠሽ አየሽው ወይ ቢሏት፣ «ኧረ በማርያም! ሲገለጥ ኃይሉ ይወጣ የለም እንዴ?» ብላ ልጇን ከለለችባቸው። የኔታ ወደ ቆዳ ሰፊዎቹ ሰፈር ዞረው አዩ። አንዱ ሰፊ ሥራ በዛብኝ ብሎ ወንድሙን ጠርቶ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ክታብ አያድንም የምትለውን መጽሐፍ ሰው ክታብ አድርጎ አሰራት። ጸሐፊዋ ደብተራ፣ ያውም ውብነህ፣ ያውም እጄን ያመኛል ብለው ሰውን ለዓመታት ክታብ ያስራቡ! ሰው ዝምታው የተፈታ መሰለው። በዚህ ማንም ላይ አልፈርድም፤ እኔም ጋዜጣ የማነበው ጋዜጣ የሚያነብ ሰው ለመባል ነበር።

«ምናለበት የኔታ?» አልኳቸው። «አንገትም ላይ ይሁን፣ አገር ለአገር ይዞራል። አንዱ አንድ ቀን ይገልጠዋል።»

ቀና ብለው አዩኝ። «አንድ ቀን የሚገልጠው ከሬሳ ላይ ፈትቶ ነው» አሉ።

በሚመጣው ቅዳሜ ከጣውላ ቁራጭ ላይ በዚያ ባማረ እጃቸው ጽፈው አቆሙ፤ «አንድ ገጽ ሳይሰሙ አይገዙም።» ማንበብ የሚችለው ጥቂት ስለሆነ ለሌላው በአፋቸው ይነግሩታል። ገዢው ይቀመጣል። የመጀመሪያዋን ገጽ ያነቡለታል፤ ሲጨርሱ አንድ ነገር ብቻ ይጠይቃሉ፤ «ማንን ሰማህ?» ከሞቱት አንዱን በስሙ የጠራ ይገዛል። ያልጠራ ሁለት ስሙኒውን እንደያዘ ይሄዳል።

አንድ የደባርቅ ሰው በቅሎውን በአንድ እጁ እንደያዘ ቁጢጥ ብሎ ሰማ።

«ማንን ሰማህ?» አሉት።

«ሁሉንም።»

«ሁሉንም የሰማ ማንንም አልሰማም። ስም ጥራልኝ።»

«ያችን… ያችን ሳቂታዋን ነዋ!»

«ስም አላት።»

«ወይ ጣጣ! መጽሐፍ ልገዛ እንጂ ልፈተን መጣሁ እንዴ? ይኸው ጨው ሻጩ፤ አሞሌ ሲሸጥልኝ ስሙን ጥራ ብሎኝ ያውቃል?»

ጨው ሻጩ ከወዲያ «የኔ ጨው ቢረሱትም አይቀየምም» አለ፤ ገበያው ሳቀ።

«ቅዳሜ ና» አሉት የኔታ።

በሳምንቱ መጣ። ገና ከሩቅ በሰው ራስ ላይ «ወርቄ! ወርቄ ናት!» ይላል። ለሚስቱ ቢያወራላት ስሟን ሳታመጣ እህል አታገኝም ብላው ኖሯል። መጽሐፏን ገዝቶ አልሄደም፤ ተቀምጦ ሁለተኛውን ቤት አስነበበ። ቀጥሎ ያ ሰው በመጣ ቁጥር ሁለት ሦስት ሰው ያስከትል ጀመር። ሽያጩ ግን ወደቀ። በአንድ ቅዳሜ አርባ ይሸጡ የነበሩት ሰውዬ አራት ሸጡ፤ ዝናብ የጣለ ቀን አንድም አልሸጡ። ማሲንቆ መቺው እንኳ ቀለደባቸው፤

ጨውና በርበሬ ልገዛ ወርጄ፣
በነጻ አልቅሼ ተመለስኩ እደጄ።

የኔታ ሰምተው «ይኸ ሰው ሰምቶኛል» አሉና አንዷን መጽሐፍ ያለ ዋጋ ሰጡት።

እኔ ተናደድኩ። ከብዙ መጽሐፍ የለቀምኩትን ምክር ሁሉ አወረድኩባቸው። ለአንድ ትልቅ ሰው መታሰቢያነት ይጻፉ አልኩ። «ሰውየው ስሙን ሊያይ ይገልጣል፤ ስሙን አይቶ ይከድናል» አሉኝ። የአንድ መሥሪያ ቤት ሹም መቶ ገዝቶ ለሠራተኛው ሊያድል፣ ሒሳቡን ከደመወዝ ሊቆርጥ ፈቃደኛ ሆኖ ነበር። ይኸን እኔ ነኝ የለመንኩት፤ ኩራቴ ጣሪያ ነክቷል። የኔታ ግን «ደመወዙ የተቆረጠበት ሰው የሚያስበው ወርቄን አይደለም፤ እኔን ነው፣ ያውም በእርግማን» ብለው መለሱት። ሹሙ ከዚያ ወዲህ ፖስታ ቤት ሲመጣ ሰላም አይለኝም ነበር። ሰውዬው እልኸኛ ናቸው፣ ጊዜ ያለፈባቸው ናቸው እያልኩ ለጓደኞቼ አወራሁ። ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ዞር ስል የማየው ነገር ይከነክነኝ ነበር። በርበሬ የሚሸጡ ሁለት ሴቶች «የለም፣ ፍየሏ የባሻ እጅጉ ናት፤ አጥሩን የጣሰችው የነወርቄን ነው» እያሉ አይተዋቸው ስለማያውቁ ሙታን ይከራከራሉ። አንዷ ተናዳ ሚዛኗን ስትወረውር አይቻለሁ። እስከ ዛሬ ስለ ጻፍኩት ነገር ሚዛን የወረወረ ሰው አላጋጠመኝም።

ክረምቱ ሲገባ የኔታ ታመሙ። ደረታቸውን ነው። ነሐሴ ላይ ከቤት መውጣት አቃታቸውና አስጠሩኝ። «ከግማሹ የሚበልጠው አንተ ዘንድ ነው። አንብብላቸው። ስም ያልጠራ አይውሰድ። ከእንግዲህ እኔ የጻፍኩትን አስሮ የሚቀበር ሰው እንዳይኖር፤ ሌላ የምለምንህ የለኝም» አሉኝ። እሺ አልኩ። በሃያ ሁለት ዓመት እሺ ማለት ቀላል ነው።

መስከረም ላይ ጆንያ አንጥፌ ተቀመጥኩ። ካኪ ሱሪዬ እንዳይቆሽሽ ከበታች ጋዜጣ አነጠፍኩ። የኔታ ሲያነቡ ቤቱን በእጃቸው እያመለከቱ ነበር፤ እኔ እንደ አዋጅ አነበብኩት። አንድ ባልቴት «ልጄ፣ ለቅሶ ነው የግብር አዋጅ ነው የምታነበው?» አሉኝ። እስከ እኩለ ቀን የሰማኝ ሁለት ሰው ነው፤ አንዱን እንቅልፍ ወስዶታል። ጓደኞቼ ከፒያሳ ወርደው ቆመው ሳቁብኝ። ሁለት ቅዳሜ እንዲህ ሆንኩ። በሦስተኛው ደምሌ መጣ። ደምሌ በየዓመቱ ለሰሊጥ አጨዳ ቆላ ከሚወርደው ሠራተኛ ጋር እየተጓዘ ሻማና ምላጭ፣ መርፌና ክብሪት የሚሸጥ ነጋዴ ነው።

«ስንት ቀርቶሃል?» አለኝ።

«ከሁለት ጆንያ በላይ።»

«ሁሉንም እወስዳለሁ። ቆላ የሚወርድ ሰው የውብነህን እጅ ይፈልጋል።»

«የታተመ ነው እኮ፤ እጃቸው አይደለም።»

«ስማቸው አለበት አይደል? ይበቃል። ቆዳውን እኔ አሰፋዋለሁ።»

አላታለለኝም። ይኸን ደጋግሜ የምናገረው ራሴን ነጻ ማውጫ ፍለጋ ስንት ዓመት ስለለፋሁ ነው። ሰውየው ቆዳ አሰፋለሁ ብሎ በግልጽ ነገረኝ። እኔም ባነበብኩት ሁሉ ተደግፌ ምክንያት ሠራሁ። መጽሐፍ ከታተመ የአንባቢው ነው፤ ደራሲ በገዢው አንገት ላይ ምን ሥልጣን አለው፤ ዘር የሚዘራ ሰው ቅንጣቷን ሁሉ ማንን ሰማሽ አይላትም። ሁሉም አነጋገሩ ያምራል። ሥሩ ግን ቅዳሜዬን ማስመለስ ነበር። ጆንያዎቹን በጋሪ አስጭኜ ሰጠሁት፤ ጋዜጣዬን አጣጥፌ ወደ ፒያሳ ወጣሁ። ያን ቀን ፓስቲ ሁለት በላሁ።

ገንዘቡን ይዤ ወደ ቁስቋም ሄድኩ። የኔታ መደብ ላይ ጋቢ ደርበው ተኝተዋል። «አለቀ» ስላቸው ተነስተው ተቀመጡ። ገንዘቡን ወደ ትራስ ገፋ አደረጉትና «ማን ማንን ሰማ?» አሉኝ። አልተዘጋጀሁም ነበር፤ ግን ያነበበ ሰው ለውሸት አይቸገርም። አንድ የዳባት ቄስ ወርቄን ብሎ አለቀሰ አልኩ። አንዲት የሸማኔ ሚስት የባሻ እጅጉን ፍየል ሰምታ ሳቀች፣ ልጆቿንም ልታስሰማ መልሳ መጣች አልኩ። አንድ ወታደር ደግሞ፣ አንድ ተማሪ ደግሞ። እያወራሁ ስሄድ ራሴም ደስ አለኝ፤ በሕይወቴ እንደዚያን ቀን አድርጌ ደርሼ አላውቅም። የኔታ ዓይናቸው እንባ ሞልቶ «ዕድሜህን ያርዝመው» አሉኝ። ምርቃታቸው ደርሷል። ይኸው አርጅቼ ተቀምጫለሁ።

ታኅሣሥ ነው፤ ጠዋት፣ ብርዱ አጥንት የሚሰብርበት። መስኮቴ ላይ አንድ የወገራ ሰው ቆሙ፤ ጋቢያቸው በሐዘን የተዘቀዘቀ ነው። እንደ ልማዴ ቀና ሳልል «ስም?» አልኩ። «ገረመው» አሉ። ደብዳቤ ሊልኩ መስሎኝ ጻፍኩት። «ደብዳቤ አይደለም ጌታው፤ የኔታ ውብነህን ፈልጌ ነው። መጽሐፉን የምትሸጥላቸው አንተ ነህ ብለውኛል» አሉና ከብብታቸው አወጡ። ከመዳፍ የማይበልጥ የተሰፋ ቆዳ፣ ክሩ ከላብ የጠቆረ። ሽታው በመስኮቱ ገባ።

«ልጄ ለሰሊጥ ወርዶ ነበር» አሉ። «እመንገድ ላይ የጤና ሰዎች ክኒን ሲያድሉ የኔታ መጽሐፍ አለኝ ብሎ አለፈ። ባልንጀሮቹ ናቸው የነገሩኝ። እነሱ ዋጡ፤ ተመለሱ። እሱ እዚያው ቀረ፤ ይኸን ፈትተው አመጡልኝ።»

«አያ ገረመው፣ እግዜር ያጽናዎት» አልኩ።

«አሜን። እኔ የመጣሁት ከክታቡ ሕግ የቱን እንዳፈረሰ ልጠይቅ ነው። ወንዝ ሲሻገር ሳይፈታው ቀርቶ ይሆን? አሣ በልቶ ይሆን? ሸጋ ልጅ ነበር፤ ሕግ አፍራሽ አልነበረም። እናቱ ምን በደለ እያለች አልተኛ አለችኝ። የቱን እንደሆነ ባውቅ ንስሐውን እኔ እገባለት ነበር።»

ያን ጊዜ ሳልነግራቸው ልሸኛቸው እችል ነበር፤ ግን መስኮቱን ዘግቼ ወጣሁ። አጠገባቸው አግዳሚው ላይ ተቀምጬ ስፌቱን በሰንጢ ቀደድኩት። መጽሐፏ ለሁለት ታጥፋ ከላቡ ጋር ተጣብቃለች፤ አንድም ገጽ ተገልጦ አያውቅም። በጥፍሬ ላቀቅኩና አነበብኩላቸው። የወርቄን ቤት፣ ሠርጓን፣ አራቱን ልጆች። ሂዱ አላልኳቸውም እስከሚለው።

አያ ገረመው ጣታቸውን ገጹ ላይ አኖሩ።

«ይኸ ነገር እውስጡ ነበር?»

«ነበር።»

«አንገቱ ላይ?»

«አዎ።»

«ምነው ሲሸጥለት አላነበባችሁለት?»

«የሸጠለት ሌላ ሰው ነው» አልኩ። እውነት ነው፤ ደምሌ ነው የሸጠለት። በሕይወቴ ከተናገርኳቸው እውነቶች ሁሉ የከፋው እሱ ነው። ሰውየው ቆዳውንና መጽሐፏን ለየብቻ ይዘው ተነሱ። የየኔታን ቤት በጣቴ አመለከትኳቸው፤ በዚያች ማዶ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ግርጌ። አብሬ መሄድ ነበረብኝ። መስኮቱ ላይ ሰልፍ ነበር፤ ገብቼ ተቀመጥኩ።

በአራተኛው ቀን የኔታ አስጠሩኝ። ስገባ መጽሐፏ ከራስጌያቸው ተከፍታ ተቀምጣለች፤ ቆዳው የለም። ይሰድቡኛል ብዬ ነበር። አልሰደቡኝም።

«ማንን ሰማህ?» አሉኝ።

መጀመሪያ አልገባኝም። ከዚያ «አያ ገረመውን፣ ከወገራ የመጡትን» አልኩ።

«አባቱን አይደለም።»

የአባቱን ስም በልማድ ጠይቄ መዝግቤያለሁ። አጠገባቸው ተቀምጬ የሌሎችን ሙታን ስም እስከ አንደኛው ገጽ ጫፍ አንብቤላቸዋለሁ። ልጁን ማን ይባል ነበር ብዬ ግን አልጠየቅኩም።

የኔታ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው «ቅዳሜ ና» አሉኝ።

ቅዳሜ አልሄድኩም። የሚቀጥለውም ቅዳሜ አልሄድኩም። ጥምቀት አለፈ፣ የኔታ ለዐቢይ ጾም ጥቂት ቀን ሲቀረው አረፉ። ቀብራቸው ላይ ከኋላ ቆሜ አየሁ፤ የደባርቁ ሰውዬ በበቅሎው መጥቶ ነበር፣ በርበሬ ሻጮቹ ነበሩ፣ ማሲንቆ መቺው መሣሪያውን እቤት ትቶ መጥቷል። ከአንድ መንደር ለቀስተኛ አይበልጡም። ደምሌ በቆዳ አሰፍቶ ከሸጠላቸው ግን አንድም ሰው አልመጣም፤ ማን ማን እንደሆኑም አላውቅም።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ጻፍኩ፤ አንዳንዱ ተሸጧል፣ ሁለት ጊዜ ሽልማት ወስጃለሁ፣ ፎቶግራፌም ከጀርባ ሽፋን ላይ ያምራል። ከጥቂት ዓመት በፊት ቁስቋም አንድ ለቅሶ ቤት ከጎኔ የተቀመጡ ሴት ሐዘንተኛዋ ሳታስበው ፈገግ ስትል አይተው «ዝም በሏት፤ ወርቄም በሠርጓ ስቃለች» አሉ። የትኛዋ ወርቄ ብዬ ጠየቅኩ። «የደምቢያዋ ነዋ፣ ዘመዳችን» አሉኝ። ዘመዳቸው አይደለችም። እናታቸው በርበሬ ሻጭ ነበሩ።

የጎረቤቴ ልጅ በሳምንቱ መጣ። በቀልዴ እንዳልተቀየመ ሊያሳየኝ ፓስቲ በወረቀት ጠቅልሎ ይዟል። አስቀምጬ ይኸን ሁሉ እንዳለ ነገርኩት፤ የመጽሐፏን ገጽ በቃሌ፣ ፓስቲ ሁለት መብላቴን፣ የሸጠለት ሌላ ሰው ነው ማለቴን። በቆዳ የተለበጠው መጽሐፉ ጠረጴዛው ላይ ነበርና እያወራሁ ሳለ ቀስ ብሎ አንስቶ ጭኑ ላይ ደበቀው። ስጨርስ ስለ ሽያጭ የሚጠይቀኝ መስሎኝ ነበር።

«ጋሼ፣ ልጁ ታዲያ ማን ይባል ነበር?» አለኝ።

«አላውቅም» አልኩት። ወገራ በሚኒባስ ከአንድ ሰዓት ብዙም አይርቅም። ይኸን ሁሉ ዓመት አልደረስኩም።